የገጽ ሰማንያ አራት ሕግ

ውድ ዳኛችን፣

ፖስታውን ገልብጠህ የላኪውን አድራሻ ሁለቴ ሳታይ እንደማትከፍተው አውቃለሁ፤ ይህን ልማድ የተማርከው ከእኔ ነው። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ ጠራዡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነን ከርመን ዛሬ ምን ፈልጎ ጻፈ ትል ይሆናል። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ።

የጨዋታችን አዲስ እትም መውጣቱን ሳትሰማ አትቀርም። በማተሚያ ቤቱ ጥራዝ ክፍል፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ሰባት ዓመት የተጫወትነው ያ ጨዋታ። አንተ ታሪኩን ትተርካለህ፤ እኔ፣ ነርሷ እህቴና ጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌሩ የየራሳችንን ሰው ፈጥረን ታሪኩ ውስጥ እንገባለን፤ መኖርና መሞታችንን ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። ዳኛ ያልንህም ፍርዱን የምታነበው አንተ ስለነበርክ ነው። አዲሱ መጽሐፍ ሲወጣ የተጫዋቾቹ የቴሌግራም ግሩፕ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ "ጨዋታውን ገደሉት" ብሎ ያለቅሳል፤ ግማሹ "ገና አሁን ጨዋታ ሆነ" ይላል። ሰው በውርስ ቤት እንኳ እንዲህ ሲሰዳደብ አላየሁም።

እኔ ከአዲሱ ጎራ ሆንኩ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። አዲሱ እትም ተራኪው ዳይሱን ከሰው ዓይን ሸሽጎ የሚወረውርበትን መከለያ አስቀርቶታል፤ ዳይሱ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይወረወራል። ያን ገጽ ሳነብ "ይኸው!" ብዬ ጮህኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ከሙጫው ባልዲ በቀር ሰሚ አልነበረም።

ያቺን ቅዳሜ ደጋግሜ አስባታለሁ። የእኔ ሰው፣ አንካሳው ፖስተኛ፣ በተሰበረው ድልድይ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አሥርና ከዚያ በላይ ካልመጣ ሞት ነው። እኔ በሠራሁልህ የካርቶን መከለያ ጀርባ ዳይሱን ወረወርክ። ረጅም ጊዜ አየኸው። ከዚያ ቀና ሳትል "ተርፏል" አልክ።

"አሳየን" አልኩህ።

ዳይሱን በመዳፍህ ሸፈንከው። "ተርፏል ብያለሁ እኮ። ሌላ ምን ፈለግክ?"

"ለእኔ ካዳላህ በሌላው ላይ ጨክነሃል ማለት ነው። ባለፈው ወር የእህቴን ቀስተኛ የገደልካት ዳይሱን አይተህ ነው ወይስ ደስ ስላለህ? አጭበርባሪ!"

"ኧረ ተው አንተ!" አለች እህቴ። ሹፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንተ መከለያውን አጥፈህ ጠረጴዛው ላይ ተውከውና ወጣህ። እኔም በንዴት ለሁለት ቀደድኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ከተማ ሥራ መግባትህን ከሰው ሰማሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬም ተመነጠርኩ።

ወደ ግሩፑ ልመለስ። "ባለ እርሳሱ" የሚባል አንድ ሰው ለአሮጌው እትም ጥብቅና ቆሞ ነበር። ሦስት ሳምንት ተናከስን። "መከለያ የሚፈልግ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው" ብዬ ጻፍኩ፤ አርባ ሰው አጨበጨበልኝ። እሱ "አንዳንዴ የሚደበቀው ምሕረት ነው" ሲል መለሰ። "ሌባም እንዲህ ይላል" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከዚያ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "አዲሱ እትም ምርጡን ሕግ ሰርዞታል። ሊሞት የተቃረበ ሰው ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት ለእያንዳንዱ ወዳጁ አንድ አንድ ቃል ይናገር ነበር።" ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። እንዲህ ያለ ሕግ የት አለ? አንዱ የአሮጌውን እትም ገጽ ሰማንያ አራት፣ የሞት ሕጎቹ ያሉበትን፣ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። እውነትም የለም።

እኔ ግን ክው አልኩ። ያ ሕግ ያለው በአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ በእኛ። ትዝ ይልሃል? የመጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ስጠርዝ መቁረጫው ማሽን ገጽ ሰማንያ አራት ያለበትን ቅጠል በላብኝ። ለመናገር አፍሬ ስደባብቅ ደረስክብኝ። "አይዞህ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ" አልክና የጠፋውን ገጽ በእርሳስ ጽፈህ ሰጠኸኝ፤ እኔም ከሌላው ጋር ሰፋሁት። ሰባት ዓመት የመጽሐፉ ሕግ ነው ብለን የኖርንበት ለካ የአንተ ኖሯል። ፈጥረኸው ይሁን ተሳስተህ እንዲያ አስታውሰኸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱንም እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ ባለ እርሳሱ ከአራታችን አንዱ ነው። እኔ አይደለሁም፤ ሦስት ቀራችሁ። መጀመሪያ ሹፌሩን ያዝኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ቁልፎቹ የተፋቁ፣ ከመደወል ሌላ የማያውቅ ስልክ። "በዚህ ነው የምሰድብህ?" አለኝ። "መሳደብ ካማረኝ በርህ እኮ ከበሬ አጠገብ ነው።"

ከዚያ እህቴ የምትሠራበት ክሊኒክ ሄድኩ። ጓንቷን እያጠለቀች ሰማችኝና "አንተ እኮ ጥላህንም ትጠረጥራለህ" አለችኝ።

"የአንቺን ቀስተኛ ግን ገድሏታል" አልኩ።

"እኔ ነኝ ግደልልኝ ያልኩት። ፈረቃዬ ተቀይሮ በየቅዳሜው መምጣት አቅቶኝ ነበር፤ ለአንተ መንገር ደግሞ ጭንቅ ነው፤ ምክንያቴን ሁሉ ትመረምራለህ።" ጓንቷን መልሳ አወለቀችና "የተጣላችሁ ቀን የማጫውተው ሰው ስላልነበረኝ እሱ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። ዳይሱን አይቼዋለሁ። ሁለት ነበር" አለች።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"አባባን ከቀበርን ሁለት ሳምንት አልሞላንም ነበር። አንተ ደግሞ እሱኑ ራሱን ፈጥረህ ቁጭ ብለሃል፤ ፖስተኛ፣ አንካሳ፣ ኮፍያው እንኳ የአባባ። ዳኛው እንዴት ብሎ ሞቷል ይበልህ?" ፊቷን ወደ መድኃኒቱ መደርደሪያ አዞረች። "እኔም ሁለቴ ልቀብረው አልፈለግኩም።"

አፈርኩ። እዚያው የታካሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት መርፌ የፈራሁ መስሏቸው "አይዞህ ልጄ፣ እንደ ትንኝ ናት" ብለው አጽናኑኝ።

የዚያኑ ቀን ግሩፑ ላይ "ሕጉ አለ፤ ገጹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ይስቁብኛል። ባለ እርሳሱ ግን ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ዝምታውንም ጠረጠርኩት። እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ አንተ ነህ? ካልሆንክም ግድ የለም፤ ስድቡ ሁሉ ለአንተ የታሰበ ነበርና ደብዳቤውም የአንተ ነው።

መከለያውን እንደገና ሠርቼዋለሁ። ወፍራም ካርቶን፣ ከውጭ ጥቁር ጨርቅ፣ ማጠፊያው ላይ ድርብ ክር። ቁመቱን አራት ጣት ጨመርኩበት፤ አንገቴን ባሰግግም አላይም። አዲሱን እትም የጠረጴዛው አጭር እግር ሥር አድርጌዋለሁ፤ ልክክ ብሏል።

ፖስተኛው ተርፏል ብለህ ነበር፤ እኔ አልቀበልም ስላልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ገመዱ ላይ ነው። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሦስታችንም እንጠብቅሃለን። ና፣ ከመከለያው ጀርባ ወርውርለት። ስንት መጣ ብዬ አልጠይቅህም። ሞቷል ካልከኝም እቀበላለሁ።

ከዚያ በፊት ግን በገጽ ሰማንያ አራት ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ወዳጅ አንድ ቃል ይፈቀድልኛል። ለሹፌሩ "ተሳሳትኩ" ብዬዋለሁ፤ ለእህቴ "አመሰግናለሁ"። የቀረው የአንተ ነው።

ይቅርታ።

ጠርጣራው ጠራዥ