ዘመድ እያለ ሆቴል

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሐብተማርያም፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ይይዝዎታል? እትዬ የሻረግስ እንዴት ናቸው? ስኳራቸውን እየተለኩ ነው ወይስ እንደ ልማዳቸው «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ ያልፉታል? ኢያኤል ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? የጓሮው አቮካዶስ ዘንድሮ ያዘ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጄ ዮሐናም ደህና ናት። ደህና ያልሆነው ባለፈው እሑድ ስልክ ላይ የጮኹበት ጆሮዬ ብቻ ነው።

ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። ስልክ ላይ እርስዎ ሲቆጡ አፌ ይተሳሰራል፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኝም በእርስዎ ፊት የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። ጎረቤቴ ገላኔ እናቷን ልትጠይቅ ስለምትመጣ በእጇ ልኬዋለሁ። እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንዳያስቀምጡት አደራ።

«ዘመድ እያለ ሆቴል?» አሉኝ። የአክስታችን ልጅ መቅሊት ጣልያን አገር ቦሎኛ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ይዛ ተቀምጣ፣ እኔ እዚያው ከተማ ሄጄ ሦስት ሌሊት ሆቴል ማደሬ ቤተሰቡን ማዋረድ ነው አሉኝ። ሰው ቢሰማ ተጣልተዋል ይላል፣ አባታችን ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር አሉኝ። መልሴ ይኸው፦ የማድረው ሆቴል ነው። ቡክ አድርጌያለሁ፣ አልሰርዝም። የሆቴሉንም ስም አልጽፍልዎትም፤ ደውለው ያሰርዙብኛል።

«ጣልያን ምን አለሽ?» ላሉኝ ደግሞ፣ ምንም የለኝም፤ የምሄደውም ለዚሁ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ፕሊማውዝ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት በአንድ ሺፍት አሥራ አራት አልጋ አነጥፋለሁ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ደወል በተጫነ ቁጥር «መጣሁ» እላለሁ። ቤቴ ገብቼ እንኳ ማይክሮዌቩ ሲጮህ «መጣሁ» ብዬ ስነሳ ዮሐና ትስቅብኛለች። ቬኬሽን ባገኘሁ ቁጥር የመጣሁት እናንተ ዘንድ ነው፤ አልጸጸትም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ደብረ ዘይት እንግዳ ስቀበልና ስሸኝ፣ ያመለጠኝን ለቅሶ ስደርስ ከርሜ ድካሜን እንደያዝኩ ነው የምመለሰው። አንድ ጊዜ እኔ ያላነጠፍኩት አልጋ ላይ፣ ማንም «ባየሽ!» ብሎ በማይጠራኝ ክፍል ውስጥ ልተኛ። ይህ ጥጋብ ከሆነ ጠግባለች ይበሉኝ።

ሆቴል መምረጥ እንዲህ እንደሚያለፋ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የያዝኩት ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን ነበር። ጥፋቱ የአባታችን ነው። «መንገደኛ መናኸሪያ አጠገብ ይደር፣ ሌሊት አሥር ሰዓት መኪናው ጥሎት እንዳይሄድ» እያሉ አሳድገውን እኔ ሌላ የት እንደሚታደር በምን ልወቅ? ይህን ለኩምሳ አወራሁት። ኩምሳ ፎርት ስኔሊንግ አየር ማረፊያው ላይ ታክሲ የሚነዳ የአምቦ ልጅ ነው፤ ወደዚህ ሳይመጣ ስድስት ዓመት ጣልያን ኖሯል። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። እዚያ ባቡሩ በየሰዓቱ ነው፣ ማን ጥሎሽ እንዳይሄድ ነው አለኝ። ጣቢያ አጠገብ የሻንጣ ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ነው የሚነጋልሽ አለ። ከጣቢያው የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ራቂ፤ አውቶቡስ የሚቆምበት ግን መጠጥ ቤት የሌለበት ጎዳና ፈልጊ፤ ሕንፃው አሮጌ ስለሚሆን ሊፍት እንዳለው ጠይቂ፤ ከሁሉ በላይ መስኮቱ ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ ክፍል ስጡኝ በያቸው ብሎ መከረኝ። እግዜር ይስጠው።

ከዚያ ዮሐናን ሁለት ቅዳሜ ሶፋ ላይ አስቀምጬ እንግዶች ስለየሆቴሉ የጻፉትን ሪቪው አስነበብኳት። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አንዱ በቁርሱ ያማርራል። አንዷ ግድግዳው ስስ ነው፣ የጎረቤቴን ማንኮራፋት ስሰማ አደርኩ ትላለች። የቁርሱን ተይው፣ ጸጥታውን ብቻ ንገሪኝ አልኳት። በመጨረሻ አሥራ አንድ ክፍል ብቻ ያለው፣ ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩት ሆቴል አገኘን። መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ጽፌ ጠየቅኋቸው። ወደ ግቢው ነው፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ በቀር የሚያይሽም የለም ብለው መለሱልኝ። ደስ አለኝ፣ ጋሼ። በጣም ደስ አለኝ።

የቀረችኝ መቅሊት ነበረች። እርስዎ እንዳሉት ትቀየማለች ብዬ ፈርቼ ይቅርታ ልጠይቃት ደወልኩ። «መቅሊትዬ፣ አንቺ ጋ አላርፍም፤ ሆቴል ይዣለሁ» አልኳት። ስታለቅስ ሰማሁ። ከፍቷት መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እፎይ ብላ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት። ባለ ሦስት ክፍሉ ቤት የመቅሊት አይደለም። የምትጦራቸው የዘጠና ዓመት አሮጊት ቤት ነው። እሷ አሥራ አንድ ዓመት የተኛችው በአሮጊቷ ክፍል ውስጥ፣ ሲጠሯት እንድትሰማ፣ ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። ከእናንተ የተላከ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓደኞቿን እየለመነች ነው ያሳደረችው። አምና የላኩባት የጓደኛዎ ልጅ አለልኝ አራት ቀን የሰነበተበት ቤት የሌላ ሰው ነው፤ እሷ በእረፍት ሰዓቷ ወጥ ሠርታ ይዛለት ትሄድ ነበር። እርስዎ በየሠርጉ «የእኛ ልጅ ጣልያን ቤት አላት» ሲሉ እውነቱን እንዴት ትናገር? «ለጋሼ ንገሪልኝ፣ እኔ አልችልም» ስላለችኝ ነው የጻፍኩት። አንድ ክፉ ቃል እንዳይወጣዎት። ከወጣዎት የምንጣላው እኔና እርስዎ ነን፤ በዚህ አልቀልድም።

በዚያኑ ዕለት ለሆቴሉ ጽፌ ክፍሉን ባለ ሁለት አልጋ አስደረግሁት። መቅሊትን ደግሞ የአሮጊቷን ልጅ የሁለት ሌሊት ፈቃድ ጠይቂው አልኳት። ኧረ እንዴት ብዬ አለች። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ሌሊት ጠይቃ አታውቅም። «አፍ አውጥተሽ ጠይቂ፤ እምቢ ካለሽ ለእኔ አገናኚኝ» አልኳት፤ በምን ቋንቋ እንደምጣላው ግን እግዜር ይወቅ። ጠየቀችው። በአንድ ቃል እሺ አላት። ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ፣ እረፍቷ በሆነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እገባለሁ። ብቻዬን ልተኛ ብዬ አልነበር? ይሁን፤ መቅሊት አትጠራኝም፣ እኔም አልጠራትም። ሲነጋም ማናችንም አልጋ አናነጥፍም።

እትዬ የሻረግን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ መድኃኒታቸውን በገላኔ እጅ ልኬያለሁ፣ ሳያቋርጡ ይውሰዱት። ኢያኤልን በርቺ ይበሉልኝ። ቂርቆስንና ባለቤቱን ለአዲሷ ልጃቸው እንኳን ማርያም ማረቻችሁ ይበሉልኝ። ዮሐናም በተሰባበረ አማርኛዋ ሰላም ብላችኋለች። እርስዎንም እግዚአብሔር ያቆይልኝ፤ ተቆጡም አልተቆጡም ወንድሜ ነዎት። ሰው «ባየሽ ጣልያን ማን ጋ አረፈች?» ብሎ ከጠየቀዎት አይፈሩ። «ሆቴል ናት፣ ከመቅሊት ጋር፤ ተኝተዋል» ይበሉልኝ።

እህትዎ ባየሽ
ሲዋርድ፣ ሚኒያፖሊስ
መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.