በጋለ ሞተር ላይ ለፈሰሰው የበረዶ ውኃ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመኪና ውድድር ክለባችን ፕሬዚዳንት፤

ጤናዎ፣ ድምፅዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ ጆግ የሚያነሳው ቀኝ ክንድዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በእርስዎ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ሞተሬ ግን ደኅና አይደለም። ይህንን በአደባባይ የምጽፍልዎት በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ከአንዱ በቀር እዚያው ስለተመቻቸውና መመለስ ስላልፈለጉ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ክለባችን አንድ ያማረ ልማድ አለው፤ አሸናፊዋ መኪና ኮፈኗ ይከፈትና እርስዎ በብርማው ጆግ የበረዶ ውኃ ራዲያተሯ ውስጥ ያንቆረቁራሉ፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። በደጉ ጊዜ መኪናዋ አስቀድማ ሜዳውን ቀስ ብላ ዞራ፣ ሞተሯ በረድ ብሎ ነበር ወደ ጆጉ የምትቀርበው። ባለፈው ውድድር ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶ አንሺው ፀሐይ ሳትሸሽበት እንዲያነሳዎ ስለተፈለገ ግን ከመጨረሻው መስመር በቀጥታ እንድመጣ ታዘዝኩ። ሞተሩ እንደጋለ ነው፣ ጥቂት እንታገስ ብዬ ብለምንዎትም፣ ውኃ ማንንም ገድሎ እንደማያውቅ በፈገግታ አስረድተውኝ አፈሰሱት። ከውስጥ የተሰማውን «ጧ» ጭብጨባው ዋጠው፤ ከእኔ ጆሮ ግን እስካሁን አልወጣም።

የተሰነጠቀው ቴስታታው ነው። ቴስታታ ከሞተሩ አናት ላይ የሚታሰር፣ እሳትና ውኃ በስስ ግድግዳ ተለያይተው የሚጎራበቱበት ክዳን ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጎረቤታሞቹ ይገናኛሉ፤ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ራዲያተሩ እንደ ድስት ይንተከተካል፣ ዘይቱም ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤

አንደኛ፣ ጉዳዩን እንዲያጣራ ላቋቋሙት ኮሚቴ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ኮሚቴው ቴስታታውን አስፈትቶ ካየ በኋላ ሌላ ምክንያት የሚያሳይ ማስረጃ ስላልተገኘ ጥፋቱ የአሽከርካሪዋ ነው፣ ወደፊትም ሞተር ሲጎዳ ተጠያቂው መሪውን የያዘው ሰው ይሆናል ሲል ወሰነ። ይህ የተወሰነው በክለቡ አዳራሽ ሲሆን፣ ከሰብሳቢው ወንበር በላይ፣ እርስዎ ጆግዎን እንዳዘነበሉ እንፋሎቱ ክራቫትዎን ሲሸፍነው የሚያሳይ በር የሚያህል ፎቶ ተሰቅሏል። እኔ ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁት፤ የኮሚቴው አባላት ግን ሥራ ስለበዛባቸው ቀና የሚሉበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ። ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነች የተጋጨች መኪና ላይ ደኅና ቴስታታ አግኝተናል፤ ቶርኖ ቤት ወስደን ፊቱን አስተካክለናል፣ በግፊት አስፈትነን አንዲት ጠብታ እንደማያሾልክ አረጋግጠናል። ይሁን እንጂ በክለቡ ሕግ ያለ እርስዎ ፊርማ ቴስታታ የለወጠች መኪና ከውድድር ውጭ ናት፤ መዝጊያው ውድድር ደግሞ እሑድ ነው። ለማመልከቻዬ የሰጡኝ ብቸኛ መልስ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት «ሁሉም በተራው» የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁልፍ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፤ የተጠረገውን ወለል እንደገና እጠርጋለሁ፤ ሞተር ብስክሌት ባለፈ ቁጥር የእርስዎ ተላላኪ መስሎኝ ከበር ውጭ እገኛለሁ፤ ለካ ዳቦ አዳዩ ነው። ምግብም አልበላ ብሎኛል፤ እናቴ ይህንንም በእርስዎ ሒሳብ ላይ ይዛዋለች።

ሦስተኛው ምስጋና ስለ አባቴ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልዱ እየከዳኝ ነው። ከእሱ ጋራዥ በቀር በከተማው የዚህን ዓይነት ፈጣን ሞተር የሚከፍት እንደሌለ እርስዎ ራስዎ በንግግርዎ ያወደሱት ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ይህ የሚገጥመው የመጨረሻ ሞተር መሆኑን ነግሮኛል፤ ብሎኑን እኔ አጠባብቃለሁ፣ እሱ ጆሮውን ያስጠጋል፣ እንዲህ አድርገን አብረን ሠራነው። አሁን የተሰነጠቀውን ቴስታታ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስንጥቁን በጥፍሩ ሲከተል ይውላል። እርስዎን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረዎትም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሑድ ከሜዳው አጥር ሥር ቆሞ ሞተራችንን ሲያልፍ ይሰማው እንደሆነ። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ፊርማዎን እንደ ጆግዎ በለጋስነት እንዲያፈሱልኝ በመለመን፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ፣ ከውኃዎ ግን ፈንጠር ብዬ በመቆም እሰናበታለሁ።

ባለፈው ውድድር አሸናፊ፣ በሚቀጥለው ተመልካች እንድትሆን የተፈረደባት አሽከርካሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልፈርም ስል ሾፌርዎ ያቺን ቀይዋን ፈጣን መኪናዎን አስጎትቶ ደጃችን አደረሳት። ዳገት ላይ ግላ ስትቆም መሪውን የያዙት እርስዎ እንደነበሩ፣ ወርደውም በገዛ እጅዎ የበረዶ ውኃ እንዳጠጧት በትሕትና ነግሮናል። ነጭ ጭስ አላት፣ ራዲያተሯ ይንተከተካል፣ ዘይቷም ወተት መስሏል። የኮሚቴው ውሳኔ ግልጽ ስለሆነ ጥፋተኛውን ለመጻፍ አልተቸገርንም። እሑድ ውድድሩን የሚያስጀምሩት በእሷ ላይ ሆነው እንደሆነ ሰምተናል። ጋራዣችን ያለው የመኪና መጠገኛ ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የእኔዋ መኪና ፊርማዎን እየጠበቀች ቆማለች። እባክዎ አይጨነቁ፤ ሁሉም በተራው።