ከቅንብር ፋይላችን ስለ ተሰረዘችው አንዲት መስመር

ሐምሌ 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊያችን
ደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ላመጡልንም አዲስ ነገር ጤና ይብዛላችሁ። እኛ ከጮቄ ግርጌ ያለነው፣ ከአንዲት እህቴ በስተቀር፣ ደህና ነን።

እኔ የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ እንዳላማው ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በቢሮ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መሳቢያዎ ውስጥ በክብር እንዳረፉ ስለሰማሁ ነው።

፩. መምህር አንሙት የሠራልንን ትንሽ ላይብረሪ፣ የመጻሕፍቱን ሳይሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም አጋዡን፣ ስላስነሱልን አመሰግናለሁ። የካርድ መፈለጊያ ፕሮግራማችን ምን እንዲሠራ የምናዝዝበት የቅንብር ፋይል አለ፤ የላይብረሪው ሥራ ያንን ማንበብና መጻፍ ብቻ ነበር። ቀላል ስለሆነ በአሮጌው ኮምፒውተራችን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የማያውቀው መስመር ሲያጋጥመውም ሳይነካ ያልፈዋል። እርስዎ ግን ትንሽ ነገር ለመሥሪያ ቤቱ ክብር አይመጥንም ብለው ትልቁን አመጡልን። ትልቅነቱን አልክድም፤ እስኪከፈት ድረስ አንድ ሕመምተኛ ታክሞ ይወጣል።

፪. ትልቁ ፋይሉን በጻፈ ቁጥር የማያውቀውን መስመር ይሰርዛል። ከሰረዛቸው አንዷ «በክርስትና ስምም ፈልግ» የምትለው ነበረች። ጠበል የገባ ሰው በዓለም ስሙ እንደማይጠራ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

፫. እህቴ ያለምወርቅ በሰኔ ጠበል ቦታ ሳለች በጠና ታመመች። ራሷን ስታ በቃሬዛ ያመጧት ሰዎች የሚያውቋት ወለተ ሐዋርያት ብለው ብቻ ነው። እኔ ያን ቀን እርስዎ ዘንድ፣ ስለ አዲሱ ላይብረሪ ጥቅም ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ተረኛዋ በዚያ ስም ብትፈልግ ፕሮግራሙ ካርድ የላትም አላት። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት በቀይ የተጻፈበት ካርዷ በዓለም ስሟ እዚያው ተቀምጦ ነበር። መርፌውን ተወጋች፤ ከዚያ በኋላ አልነቃችም።

ተረኛዋንም ሐኪሙንም አልወቅስም። በቀልድ ልጽፍልዎ ጀምሬ ነበር፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እህቴ ናት፣ አርባዋም ገና አልወጣም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጠበሉም በክርስትና ስማቸው ብቻ በሚታወቁ ሰዎች ይሞላል። ስለዚህ ትንሿን ላይብረሪና ያቺን መስመር ይመልሱልን። አንሙት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብሏል፤ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

እንቅልፍዎን የማያውክ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካልበረደ ሐዘን ጋር፣

ታዛዥዎ እንዳላማው

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ፕሮግራሙ ለደም ግፊት ክትትል ያልመጡትን ሰዎች ዝርዝር አተመ። ሞቷ የተመዘገበው በክርስትና ስሟ በተከፈተ ሌላ ካርድ ነውና፣ እህቴ ሁለተኛዋ ናት፤ ያለምወርቅ ቤቷ ድረስ ተሂዶ ለምን እንደቀረች ትጠየቅ ይላል። ጥሪውን የማደርሰው እኔ ነኝ። ቀን ይቁረጡልኝና መቃብሯ ድረስ አብረን እንሂድ፤ የሚጠይቋት ግን እርስዎ ነዎት።