ካሴቱ የሙሉጌታ ነው

እሑድ፣ ጥር 26 ቀን 1994

ዛሬ ቅናት አንገበገበኝ። ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ የዘፈኑት ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳቸው አንጋፋ ድምፃዊ ናቸው። በዕድሜያቸው ያሳተሙት አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ጋ አለ። ታክሲ ውስጥ እንዳይጫርብኝ ፈርቼ ቤት ትቼው ሄድኩ። የቡልጋሪያ ማዞሪያው ጓደኛዬ ሙሉጌታ ግን ድሮ እኔ ቤት ከዚሁ ሸክላ የቀዳውን ካሴት በኪሱ ይዞ መጣ!

ሰውየው ካሴቱን ሲያዩ ሙሉጌታን አቀፉት። ፈረሙለት። አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ዋናው ሸክላ እኮ እኔ ጋ ነው ያለው" አልኳቸው።

"የታል ልጄ?"

"ቤት።"

ሳቁ። በቃ።

ስንመለስ ሙሉጌታ መኪናው ውስጥ ካሴቱን ከፈተው። ያኔ የምንቀዳው ቴፑን ስፒከሩ ፊት አስቀምጠን ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን አልቆ ሸክላውን ስገለብጥ የነበረችው ጊዜ ላይ ሲደርስ የእናቴ ድምፅ መጣ። "አንተ ዳንኤል፣ ቀንሰው እንጂ! ጎረቤት ምን ይላል?"

እማዬ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት።

"ሁሌ እዚህች ጋ ስደርስ እስቃለሁ" አለኝ ሙሉጌታ።

ሁሌ! ይሄን ሁሉ ዓመት እየሰማት! ቂርቆስ ቤቴ ሲያደርሰኝ የመኪናውን በር ድው አድርጌ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ሸክላዬን አጫወትኩት። አንድ ጭረት የለበትም። ስገለብጠው ቤቱ ጭጭ አለ።

እንግዲህ ነገ ደውዬ "ቅዳልኝ" ልለው ነው? እኔ፣ ሙሉጌታን?