ስለታሰረው ጽዋችን

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ቡሬ
ከንግድ ደብተሬ፣ የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፦ ጨው ስድሳ አሞሌ፣ የጭነት አህያ አራት፣ የጎደለ ሰው አንድ።

ለተከበሩ የቡሬ ጣሊያን ገዥ፣ ሬዚደንታችን፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ ምሽግዎ ግንብ የጠና፣ እንቅልፍዎም እንደ ዘበኞችዎ ብዛት የሰመረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ ጨው ነጋዴው ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰኞ በሚካኤል ዕለት በጽዋ ማኅበራችን ተረኛ በገበሬው በክንዱ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ወታደሮችዎ ሳይጠሩ ስለመጡልን እናመሰግናለን። ጥይት ተደብቆበት እንደሆነ ብለው ዳቦውን በሳንጃ ሲወጉት ጥንቃቄያቸውን አድንቀናል።

ሁለተኛ፣ ወታደሮችዎ ከዚያው ቤት የወሰዱትን፣ አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ በተራ እንደምንደግስ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ አስተርጓሚዎ አቶ ሸጋዬ በየወሩ አንድ ሹም የሚገደልበት ውጥን ነው ብለው አስረድተውዎታል። የኅዳር ተራ የክንዱ ስለሆነ፣ ክንዱ የኅዳር ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሰው በዕድሜው ያረደው የፋሲካ በግ ብቻ ነው፤ እሱንም ጎረቤት ይዞለት ነው። እኛን የቀረነውን ወራችን እስኪደርስ ስለለቀቁን ደግሞ ፍርድዎ ቀን ጠባቂ መሆኑን ተረድተናል።

ሦስተኛ፣ የሸክላ ጽዋችን በማስረጃነት ተይዞ ሁለት ወታደር እየጠበቀው ነው። እስካሁን ለማምለጥ አለመሞከሩን ሰምተን ኮርተንበታል።

አራተኛ፣ ክንዱ ቅዳሜ በገበያ መካከል እንዲሰቀል ማዘዝዎን በአዋጅ ሰማን። ሰው በብዛት የሚወጣበትን ቀን ስለመረጡልን ነጋዴዎች ሁሉ ባለውለታዎ ነን። ሚስቱ እናኑ ግን ከሰኞ ጀምሮ ደጅዎ ቆማለች። ባሌ ምን አጠፋ ብትል፣ ሰው ሰብስቦ ዳቦ አበላ ተባለች፤ እንግዲያማ የጋገርሁት እኔ ነኝ፣ እሱን ፍቱና እኔን እሰሩ ብላ ሁለት እጇን ለዘበኛዎ ዘረጋች። መልስ ካለዎ እስከ ቅዳሜ ቢሰጧት ደግ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልዎ አቶ ሸጋዬ ናቸው። ሥራ በዝቶባቸው መስመር እንዳይዘልሉ በማሰብ፣ አንዱን ቅጂ ሰው ሁሉ እንዲያየው በገበያው ዋርካ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሌላውን ግሪካዊው ባለሱቅ በቋንቋዎ ገልብጦልኝ፣ ለበላይ አለቃዎ ወደ ደብረ ማርቆስ ልኬዋለሁ። ድካምዎን ለመቀነስ ነውና በክፉ እንዳይተረጉሙብኝ።

በጥላዎ ሥር ፀሐይ እየናፈቅሁ የምኖር፣ ትሑት አገልጋይዎ፣
ላቀው ወልደ ዮሐንስ
የታኅሣሥ ተረኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአዋጁ የተነበበው ዝርዝር አሥራ አንድ ስም ብቻ ነበረው። ዝርዝሩን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝና የጎደለውን አልረሳሁትም፤ የሰኔ ተረኛ አቶ ሸጋዬ ናቸው። ያለፈው ሰኔ ቤታቸው ጠጥተናል፤ ለመጪው ሰኔ ማንን ሊገድሉ እንዳሰቡ ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

ለደብተሬ፣ ነገ፦ የክንዱን ዳቦ ወደ እስር ቤቱ ማድረስ። በማኅበራችን ደንብ ለቀረ ሰው ድርሻው ይላክለታል። እኔም እዚያው ብቀር ላኪ እንዳይቸገር፣ የራሴንም ድርሻ አብሬ ቋጥሬዋለሁ።