ለጎረቤት የተሰጠ የይለፍ ቃል

ልጄ፣ የረገጥከው ይለምልምልህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ ጣራውም ማፍሰሱን ትቷል።

የስልኬን የይለፍ ቃል እንደ ቤቱ ቁልፍ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ አደራ ብዬ በመስጠቴ ተቆጥተኸኝ ነበር። ይኸው ቀየርኩት። እሷ ግን «ዛሬ ባዳ ሆንኩ?» ብላ አኩርፋኛለች።

ግላዊነት ያልከኝም ገብቶኛል፤ ሰው የራሱን ጉዳይ ለማን እንደሚናገር ራሱ ይወስናል ማለት ነው። ስንደዋወል ካሜራውን የምትዘጋው ለዚህ ይሆን ብዬ እህትህን ብጠይቃት፣ «ክሳቱን እንዳታዪበት ነው» የሚል ቃል አመለጣት።

ምን አመመህ ብዬ አልጨቀጭቅህም፤ ጉዳዩ ያንተ ነው። አምላክ ጤናህን ይመልስልህ፣ ደግ ሰው ከጎንህ አያሳጣህ። እሁድ ስትደውል ግን ካሜራውን ክፈትልኝ። ያየሁትን ለማንም አልናገርም፤ ለልብስ ሰፊዋም ቢሆን።

እናትህ