ከሠርግ በፊት የተሰጠች ጠብታ ደም

ጥቅምት 8 ቀን 2017
ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ጥቅምት ገብቶ ልጁን ገና ዛሬ የሚያስለካ ወላጅ አለ!
አመሻሽ ላይ ጭምዴሳ ከያዮ መጣ። ማር ነጋዴው እጮኛዬ። (እጮኛ! በዚህ ዕድሜ... ስጽፈው ራሱ ያስቀኛል።) ቤተ ክርስቲያናችን ደሙን ያልተመረመረ አታጋባም። እሱ ደግሞ መርፌ ይፈራል። ስንት ንብ የነደፈው ሰው!

ጥቅምት 11
የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የሚሞክረው አዲስ መመርመሪያ ጤና ጣቢያ መጥቷል ሲሉ ጎትቼው ሄድኩ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት። ከጣት አንዲት ጠብታ፣ ትንሽ መጠበቅ፣ አለቀ። ኤች አይ ቪንም የጉበት ቫይረስንም አብራ ታሳያለች። ዋጋዋ ከማኪያቶ አይበልጥም አለች ዬሮሳን የምትባለው ነርስ።
ጭምዴሳ ጣቱን ሲሰጥ ዐይኑን ጨፈነ። "ሊታረድ የቀረበ በግ!" አልኩት። ወረፋው ሁሉ ሳቀ።
የእሱ ንጹሕ። የእኔ... ኤች አይ ቪ የለም። በጉበቱ በኩል ግን ቀይ መስመር፤ አለብኝ ማለት ነው።
ሳቄ የት ገባ?

ጥቅምት 12
ሆስፒታል ደግመው አዩት። ያው ነው። ለጊዜው ክትትል እንጂ መድኃኒት አያስፈልገኝም። በግንኙነት ይተላለፋል፤ ለጭምዴሳ ግን ክትባት አለ። ሦስት ጊዜ መወጋት።
ይህን ሲሰማ ባጃጅ ይዞ እብስ። ቻው እንኳ የለም።

ጥቅምት 13
ጎረቤቴ ሊቺ ሰምታለች። ያልሰማችው ምን አለ?
"እትዬ በየነች፣ የሌሊት ወፍ ሸንቶብሽ ነው!"
ሟቹ ባሌም በጉበት በሽታ ሞቶ ስንቀብረው እንዲሁ ተብሎ ኮርኒስ አስደፍነናል። ሰውዬው ግን የትም አድሮ በጠዋት ነበር የሚገባው። ወፏ እኛ ቤት መቼ አገኘችው?

ጥቅምት 15
የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የምርመራ ወረቀቱን ተቀበሉ። "ከኤች አይ ቪ ነጻ ናችሁ፣ ተባረኩ!" ስለ ጉበት የጠየቀ የለም። ሁሉም ተሟልቷል እንግዲህ... ሙሽራው ብቻ ነው የጠፋው።

ጥቅምት 16
መጣ! መሰላል ተሸክሞ!
ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ሲያንኳኳ ቆየና ድር ለብሶ ወረደ። አንድም ወፍ የለም።
"ነርሷ ያለችህን አልሰማህም?"
"ሰምቻለሁ።"
"ታዲያ?"
"በዬ... ምናልባት ወፍ ከሆነ መርፌው ይቀራል ብዬ ነዋ!"
ለካ የሸሸው እኔን አይደለም! በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ግን ሳልስቅ ነገርኩት። "አንዱን ቀብሬያለሁ። ካልተከተብክ አላገባህም።"
መሰላሉን ይዞ ወጣ።

ጥቅምት 18
ለክትትል ብሄድ ሆስፒታል በር ላይ ቀድሞኝ ቆሟል። እጅጌውን ከያዮ ጀምሮ ሳይጠቀልል አልቀረም!
ተወጋ። አግዳሚው ላይ ልጥፍ። ላብ በላብ። "ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ" ይለኛል... እኔን!
ካርድ የሚሞላው ሰው "ክትባቱን ለምን ፈለጉት?" አለው።
"ሚስቴ የጉበት ቫይረስ አለባት። አብሬያት ልኖር ነው።"
እንዲህ ጮክ ብሎ። ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። ሠርጉ እኮ ገና ሦስተኛው መርፌ ካለቀ በኋላ ነው... ሚስቴ አለ።
ላቡን ጠረግኩለት።